ሲስተም በጠፋ ጊዜ መዝገቡን የሚረከበው ማነው?

በባሕር ዳር ከተማ፣ በቅዳሜ ገበያ አካባቢም ሆነ በጣና ዳር ባሉት መደብሮች፣ በባንክ መስኮትም ሆነ በነዳጅ ማደያ፣ ነጋዴው ሁሉ በየጊዜው የሚሰማው አንድ አጭር ቃል አለ፤ ይኸውም «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ቃሉ ሲነገር ለደንበኛው ጥቂት መታገሥ ብቻ ይመስለዋል። ለነጋዴው ግን ነገሩ ከዚህ የጠለቀ ነው፤ በዚያች ሰዓት ማን ስንት እንዳለበት፣ በመጋዘን ስንት ኩንታል እንደ ቀረ፣ የትኛው ሰነድ ለባንክ እንደ ተላከና የትኛው እንዳልተላከ የሚናገረው መዝገብ ከእጁ ወጥቷልና።

ቀድሞ የአንድ ንግድ ቤት ሒሳብ በወፍራም ደብተር ተጽፎ በመሳቢያ ውስጥ ይቈለፍ ነበር። ዛሬ ብዙ አስመጪዎችና ላኪዎች ሒሳባቸውን፣ የመጋዘን ቈጠራቸውንና የሠራተኛ ደመወዛቸውን በሰርቨር ላይ አኑረዋል። ሰርቨሩም ለዓይን አንድ የብረት ሣጥን ይምሰል እንጂ በውስጡ ሦስትና አራት «ቨርቹዋል ማሽኖች» ሊሠሩበት ይችላሉ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት የራሱ የብረት አካል ሳይኖረው በሌላ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ኃይል የሚኖር ኮምፒውተር ነው። መላ ሰውነቱ በዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ስለ ሆነም እንደ ማንኛውም ፋይል ሊገለበጥና ወደ ሌላ ሥፍራ ሊላክ ይችላል።

እንዲህ ተገልብጦ በሌላ ሥፍራ የሚቀመጠውና ከዋናው ጋር በየደቂቃው ወይም በየሰዓቱ እየተስተካከለ የሚሄደው ቅጂ «ሬፕሊካ» ይባላል። ባክአፕ ከሚባለው ከተራው መጠባበቂያ ጋር አንድ አይደለም። ባክአፕ ታሽጎ የተቀመጠ ዕቃ ነው፤ ለሥራ እንዲውል መፈታትና እንደገና መገጣጠም ያስፈልገዋል፤ ይህም እንደ መዝገቡ ብዛት ሰዓታትን አልፎ ቀናትን ይወስዳል። ሬፕሊካ ግን ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አጥልቆ ትእዛዝ ብቻ የሚጠብቅ ተተኪ ነው። ዋናው ሲወድቅ ሥራው ወደ ተተኪው የሚዛወርበት ተግባር በባለሙያዎች ዘንድ «ፌልኦቨር» ይባላል።

ተተኪው ከዋናው ጋር በአንድ ክፍል ቢቀመጥ የሚረባው ለዲስክ ብልሽት ብቻ ነው፤ እሳት፣ ጎርፍና ሌባ ሁለቱንም አብረው ይወስዷቸዋልና። ስለዚህ ንግድ ቤቶች ሁለተኛ ሕንፃ ከመሥራት ይልቅ በሌላ ድርጅት የዳታ ማዕከል ውስጥ ቦታ መከራየትን ይመርጣሉ፤ «ክላውድ» የሚባለውም ይኸው ኪራይ ነው። ስሙ ደመና ይሁን እንጂ ነገሩ በምድር ላይ የቆመ፣ ጄኔሬተርና ዘበኛ ያለው መጋዘን ነው። በአዲስ አበባ በአይሲቲ ፓርክ ግቢ ውስጥ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የግል ኩባንያዎች የዳታ ማዕከል ከፍተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ የተባለውን አገልግሎት ለገበያ አቅርቧል። ከውጭ ሀገር ለሚፈልግ ደግሞ ማይክሮሶፍት በ2011 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ፣ አማዞን በ2012 ዓ.ም. በኬፕ ታውን የከፈቷቸው ማዕከሎች አሉ።

የውጭው ኪራይ ግን በዶላር የሚታሰብ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ በዶላር የተዋዋለ ነጋዴም አንድም ማሽን ሳይጨምር ወጪው እጥፍ ያህል ሆነበት። የደንበኞቹንና የሠራተኞቹን ስምና አድራሻ የያዘ መዝገብ ከሀገር ለማውጣት የሚያስብ ሰው ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አስቀድሞ ቢያነብ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ውድ ነገርን ከአደጋ ሥፍራ አርቆ ማኖር ለጣና አካባቢ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ዘመን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በሐይቁ ደሴቶች ተሸሽገው እንደ ተረፉ ይተረካል፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እስከ ዛሬ የነገሥታት አፅም የሚጠበቅበት ገዳም ነው። ውኃው ጠባቂ ነበር። ለዘመኑ መዝገብ ደግሞ ርቀት ያንኑ ያህል ያገለግላል።

ርቀትን የናቁ በሀብታሞቹ ሀገሮችም ተጎድተዋል። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ በስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የዳታ ማዕከል በተቃጠለ ጊዜ መጠባበቂያቸውን እዚያው ግቢ ውስጥ ያኖሩ ደንበኞች ዋናውንም መጠባበቂያውንም በአንድ ሌሊት አጥተዋል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ኮሪያ በዴጆን ከተማ በመንግሥት ዳታ ማዕከል ከባትሪ የተነሣ እሳት ከ600 የሚበልጡ የመንግሥት ሲስተሞችን አቆመ፤ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን ያኖሩበት የነበረው 858 ቴራባይት ያህል ማከማቻም በሌላ ሥፍራ ቅጂ ስላልነበረው ጠፋ። ይህ የሆነው በኮምፒውተር ሥራ ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት ሀገሮች በአንዱ ነው።

ቅደም ተከተሉ

ይሁን እንጂ ቅጂውን አርቆ ያስቀመጠ ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። ብዙ ንግድ ቤቶች ገንዘብ የሚያወጡት ለቅጂው ነው፤ ቅጂው በምን ተራና በማን ትእዛዝ እንደሚነሣ የሚደነግገውን ጽሑፍ ግን ይረሱታል። የሥራው ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል በባሕር ዳር የሚገኝ፣ ከመተማና ከቋራ ሰሊጥ እየሰበሰበ በጅቡቲ በኩል የሚልክ አንድ ንግድ ቤት አለ እንበል። አራት ቨርቹዋል ማሽኖች አሉት። አንደኛው የሠራተኞችን ስምና የይለፍ ቃል፣ የማሽኖቹንም አድራሻ የሚያውቅ ነው። ሁለተኛው የሒሳቡና የመጋዘኑ ዳታቤዝ ያለበት ነው። ሦስተኛው ሠራተኞች የሚሠሩበት የሒሳብ ፕሮግራም ሲሆን፣ አራተኛው በጎንደርና በአዲስ አበባ ያሉት ወኪሎች በኢንተርኔት የሚገቡበት በር ነው። አራቱ በአንድነት ቢቀሰቀሱ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ቀድሞ ይነሣና የሚያነጋግረው ያጣል፤ ስሕተት ጽፎ ይቆማል። ዳታቤዙም ከስም መዝገቡ ቀድሞ ቢነሣ ማን እንዲገባ እንደ ተፈቀደለት የሚነግረው ስለሌለ በሩን ይዘጋል። ለተመልካች አራቱም ማሽኖች በርተዋል፤ ሥራ ግን የለም። ይህን ተራ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከእንቅልፉ የተነሣ አንድ የኮምፒውተር ሠራተኛ በቃሉ ያስታውሳል ብሎ መተማመን አይገባም።

ስለዚህ ተራው በጽሑፍ ይቀመጣል፤ ጽሑፉም ለሰው ብቻ ሳይሆን ማሽን አንብቦ እንዲፈጽመው ተደርጎ ይጻፋል። «ስክሪፕት» የሚባለው ይህ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ቪም በተባለው ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች «የፌልኦቨር ፕላን» በሚባለው ዝርዝር ውስጥ የማሽኖቹን ስም፣ የመነሣት ተራቸውንና በአንዱና በሌላው መካከል ያለውን የሰከንድ ቆይታ ያስገባሉ፤ ከፕላኑ በፊትና በኋላ የሚፈጸሙ ስክሪፕቶችንም ያያይዙበታል። በማይክሮሶፍት አዙር ዘንድ ደግሞ ማሽኖቹ በምድብ ይከፈላሉ፤ አንዱ ምድብ ሳይነሣ የሚቀጥለው አይነሣም፤ በምድቦቹም መካከል ስክሪፕት ወይም «ሰው እስኪፈቅድ ቁም» የሚል ማዘዣ ማስገባት ይቻላል።

የቆይታውን ነገር ብዙዎች በግምት ያልፉታል። «ዳታቤዙ ከተነሣ በኋላ 60 ሰከንድ ጠብቅ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዳታቤዙ ግን በድንገት ወድቆ ከሆነ ራሱን ለመጠገን 10 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል። የተሻለው ስክሪፕት ሰከንድ አይቈጥርም፤ ይጠይቃል። ዳታቤዙን «ትመልሳለህን?» ይለዋል፤ መልስ እስኪያገኝ ድረስም ደጋግሞ ይጠይቃል፤ በተወሰነው ጊዜ መልስ ካጣ ወደሚቀጥለው ከማለፍ ይልቅ ቆሞ ለኃላፊው መልእክት ይልካል።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ትእዛዝ ግን ማስነሣት ሳይሆን መዝጋት ነው። በባሕር ዳር መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም እንቢ አለ እንበል። (ከተማይቱ በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ጎረቤት ብትሆንም፣ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስም በ2002 ዓ.ም. ቢታከልበት፣ መብራት መጥፋቱ አልቀረላትም።) ነጋዴው ሥራውን ወደ አዲስ አበባ ቅጂ አዛወረ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ሲመለስ የባሕር ዳሩ ሰርቨር በራሱ ጊዜ ተነሣ። አሁን ሁለት መዝገቦች በአንድ ስም ይሠራሉ። የባሕር ዳሩ መጋዘን ጠባቂ 200 ኩንታል ሰሊጥ በአሮጌው መዝገብ ላይ ወጪ ያደርጋል፤ የአዲስ አበባው ወኪል ያንኑ 200 ኩንታል በአዲሱ መዝገብ ላይ ይሸጠዋል። አንድ ሰሊጥ ለሁለት ገዢ ተሸጠ ማለት ነው። ሁለቱን መዝገብ መልሶ አንድ ለማድረግ የሚችል ማሽን የለም፤ የሒሳብ ሠራተኞች ቁጭ ብለው መስመር በመስመር ማመሳከር አለባቸው።

መስመሩ የተቋረጠ እንደ ሆነ በክላውድ ያለው ስክሪፕት የባሕር ዳሩን ማሽን ደርሶ ሊዘጋው አይችልም። ስለዚህ ገመዱን በእጁ የሚነቅል ሰው በስም መታወቅ አለበት፤ ስክሪፕቱም ያ ሰው «ነቅያለሁ» እስኪል ድረስ መቆም ይኖርበታል። ከዚህ የተነሣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ውሳኔውን ለማሽን አይሰጡም። መዛወር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን የሚቈርጠው ሰው ነው፤ ከተቈረጠ በኋላ ያለውን ሩጫ ማሽኑ ይሩጠው። የክላውድ ፕላን ዝርዝሩ በአከራዩ ዘንድ ስለሚቀመጥ የባለቤቱ ቢሮ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ነጋዴው ስልክ ደውሎ እንዲነሣለት ማዘዝ ይችላል። እንግዲያውስ ማን ደውሎ ሊያዝ እንደሚችልና ማንነቱም በምን እንደሚረጋገጥ በውሉ ላይ መስፈር አለበት፤ ይህ ካልተጻፈ ማንም ደፋር በአንድ ስልክ የሌላውን ሰው ንግድ ከቦታው ሊያነሣ ይችላል።

አድራሻም አለ። ማሽኖቹ በባሕር ዳር የነበራቸው የኔትወርክ ቍጥር በክላውድ አይሠራም፤ ስክሪፕቱ አዲስ ቍጥር ሰጥቶ ወኪሎቹ የሚጠሩት ስም ወደ አዲሱ እንዲያመለክት ማድረግ አለበት። ስሙን የሚያመለክተው መዝገብ «ይህን አድራሻ ለ24 ሰዓት አስታውሱ» ብሎ አስቀድሞ ነግሯቸው ከሆነ ወኪሎቹ ቀኑን ሙሉ የተዘጋ በር ሲያንኳኩ ይውላሉ። ይህን ጊዜ አስቀድሞ ወደ 5 ደቂቃ ማሳጠር ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሥራ ነው።

የሰዓትም ጉዳይ ለኢትዮጵያ ነጋዴ የተለየ ወጥመድ አለው። ኃላፊው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ያለው በፈረንጅ አቈጣጠር 2 ሰዓት ነው፤ የክላውዱ ትእዛዝ ፈጻሚ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከምሥራቅ አፍሪካ ሦስት ሰዓት በሚዘገየው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለ ሆነ፣ ለእርሱ ያው ሰዓት የዋዜማው 23 ሰዓት ነው። በስክሪፕት የሚጻፍ የደረሰኝ ቀን በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ወደ ኋላ ሊጎተት ይችላል፤ በሰኔ 30 ሌሊት የሆነ እንደ ሆነም የአንዱን በጀት ዓመት ሽያጭ በሌላው ላይ ያሰፍራል። እንዲሁም የማሽን ስም በግዕዝ ፊደል የጻፈ ሰው ፋይሉ በተገቢው መንገድ ካልተቀመጠ ስክሪፕቱ ስሙን በጥያቄ ምልክት ለውጦ ያገኘዋል። በዩኤስቢ ቁልፍ ብቻ የሚከፈት የሒሳብ ሶፍትዌር ያለውም ቁልፉ በባሕር ዳር ሰርቨር ላይ ተሰክቶ እንደሚቀር አስቀድሞ ያስብ። ቁልፍ አይገለበጥም።

መስመሩ ቢቋረጥስ?

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ለየትኛውም ሀገር ነጋዴ ይሠራል። በባሕር ዳር ግን ሌላ ነገር ይጨመራል። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ሰርቨሩ ጤነኛ፣ ቅጂውም ጤነኛ ሆነው ሳለ በመካከላቸው ያለው መስመር ሊቋረጥ ይችላል። ለመንገድ ወይም ለውኃ ቧንቧ የሚቈፍር ማሽን ፋይበሩን ሲበጥስ በሰዓታት ወይም በቀን ይጠገናል። ለረጅም ጊዜ የተቋረጠበትም ዘመን አለ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለቀናት ተቋርጦ ነበር፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮም ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥራውን በሙሉ ወደ አዲስ አበባ ያዛወረ የባሕር ዳር ነጋዴ መዝገቡን አተረፈ፤ ራሱ ግን ሊደርስበት አልቻለም። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ትርጉም የሚኖረው ሁለቱ ባላዎች በአንድ ጕድጓድ ካልተተከሉ ነው። በባሕር ዳር ለሚሠራ ሰው የሚሻለው አንዱን ቅጂ በከተማው ውስጥ በሌላ ሕንፃ፣ ለምሳሌ በቅርንጫፍ መደብር ወይም በመጋዘን ማኖር፣ ሁለተኛውን ደግሞ ከከተማው ማውጣት ነው። የከተማው ቅጂ ለመብራትና ለዲስክ፣ የሩቁ ለእሳትና ለዘረፋ ይሆናል።

ፕላኑም ሁለት ይሆናል። በባሕር ዳር ያለው ሕንፃ ሲጠፋ የሚነሣው አንድ ነው፤ ሕንፃው ቆሞ መስመሩ ብቻ ሲጠፋ የሚሠራው ሌላ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ትክክለኛው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ ምንም አለማዛወር ነው፤ ባሕር ዳር በራሷ መዝገብ መሥራቷን ትቀጥላለች፤ የጎንደርና የአዲስ አበባ ወኪሎች ደግሞ መስመር እስኪመለስ ሽያጫቸውን በተቈጠረ ወረቀት ይይዛሉ፤ ከተሰጣቸው ኮታ በላይም አይሸጡም። መስመር ስለ ጠፋ ብቻ በጭንቀት የሚነሣ ቅጂ ያንን የሁለት መዝገብ ጥፋት ይወልዳል። የሁለት የቴሌኮም ኩባንያዎች መስመር መያዝም ይረዳል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በባሕር ዳር ስላለ ይህ ይቻላል። የነሐሴው መዘጋት ግን ይህ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አሳይቷል። ክፍያን በሚመለከት ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በ*127# የሚሠራ በመሆኑ ዳታ ሲጠፋና የስልክ መስመር ሲኖር ገንዘብ መቀበል ይቻላል፤ ይህም በፕላኑ ላይ በአንድ መስመር መጻፍ ይገባዋል።

መስመሩ ደህና በሆነበት ጊዜም ጥበቱን ማስላት ያስፈልጋል። አንድ ንግድ ቤት 500 ጊጋባይት መዝገብ ቢኖረውና በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚያሳልፍ መስመር ቢከራይ፣ የመጀመሪያው ቅጂ ሌላ ሥራ ሳይሠራበት ከ4 ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። ይህን በዲስክ ጭኖ በሰው እጅ መላክ ይቀላል፤ ሰነዱ ግን በምስጢር ቍልፍ ተዘግቶ ይላክ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚለወጠው 4 ጊጋባይት ቢሆን በ53 ደቂቃ ገደማ ያልፋል። ቅጂው በየ15 ደቂቃው የሚስተካከል ከሆነ በአደጋ ጊዜ የሚጠፋው ከ15 ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ሽያጭ ነው፤ ያንንም ከደረሰኝ ቅጠል መልሶ መጻፍ ይቻላል። በየሌሊቱ ብቻ የሚስተካከል ከሆነ ግን የሙሉ ቀን ሥራ ይጠፋል። ነጋዴው ባለሙያውን ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ነው፤ ስንት ደቂቃ ሽያጭ ይጠፋብኛል? ስንት ሰዓትስ ሱቄ ይዘጋል? መልሱ በብር ከተተረጐመ በኋላ ኪራዩ ውድ መሆኑና አለመሆኑ ይታወቃል። በቀን ሃያ ደረሰኝ ለሚቈርጥ ባለ ሱቅ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ በየማታው የሚገለበጥና ወደ ቤት የሚወሰድ ሁለት ዲስክ ይበቃዋል።

ስሕተትም ይገለበጣል

ሬፕሊካ ታማኝ ተከታይ ነው፤ ጥፋቱም ከዚህ የተነሣ ነው። ዋናው የጻፈውን ሁሉ እርሱም ይጽፋል። በመጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ይታወሳል። ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ፤ አገልግሎቱ እስኪዘጋ ድረስ 490 ሺህ ያህል የገንዘብ እንቅስቃሴ ተደረገ፤ ባንኩ ያላግባብ ተወሰደብኝ ያለውም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ባንኩ እንደ ገለጸው ነገሩ የውጭ ጥቃት አልነበረም፤ በራሱ የሲስተም ሥራ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነበር። አብዛኛውን ገንዘብ በኋላ አስመልሷል።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር ተተኪ ማሽን መድኃኒት አይደለም። ማሽኑ አልወደቀም፤ ሥራውን እየሠራ ነበር፤ የሠራው ግን ስሕተት ነው፤ ወደ ቅጂው ቢዛወርም ያው ስሕተት እዚያ ይጠብቃል። መዝገብን ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ የኮምፒውተር ሽፍታ ሲገባም እንዲሁ ነው፤ የተቈለፈው መዝገብ በ15 ደቂቃ ውስጥ ተገልብጦ ሩቅ ካለው ቅጂ ይደርሳል። ስለዚህ ከቅጂው ጋር የትናንቱን፣ የሳምንቱንና የወሩን መልክ ለይቶ ማቆየት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም በመስመር ሊደርስበት የማይችል የታሸገ ባክአፕ መያዝ ያስፈልጋል። ፕላኑም በመጀመሪያው መስመሩ ላይ «የደረሰው መውደቅ ነው ወይስ ስሕተት?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መውደቅ ከሆነ ፈጥኖ መዛወር፣ ስሕተት ከሆነ ሁሉንም ማቆም ነው።

ወደ ቤት መመለስም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ከመሄዱም ይልቅ አደጋ አለበት። ዋናው ሰርቨር ሲጠገን በክላውድ የተጻፈው የሦስት ቀን ሽያጭ ወደ ባሕር ዳር መመለስ አለበት፤ «ፌልባክ» የሚባለው ይህ ነው። በዚያው የትእዛዝ ዝርዝር ውስጥ ግን ፌልኦቨሩን የሚሽር ሌላ ትእዛዝ አለ፤ እርሱ ደግሞ ቅጂውን ከመነሣቱ በፊት ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ ማለት የሦስቱን ቀን ሽያጭ ይጥለዋል። ሁለቱ በስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ ቃላት ናቸው። ስክሪፕቱን የሚጽፈው ሰው መሻሪያውን ለሙከራ ጊዜ ብቻ እንዲያገለግል ቢወስነው መልካም ነው።

ሙከራ ያልተደረገበት ፕላን ደግሞ የተስፋ ጽሑፍ ነው። ሙከራው ከእውነተኛው ኔትወርክ በተለየ ክፍል ውስጥ መሆን አለበት፤ ያለዚያ የተቀሰቀሰው ቅጂ ራሱን ዋና መስሎት ያልተላኩ ደብዳቤዎችን ለገዢዎች፣ የክፍያ ማዘዣዎችንም ለባንክ ሊልክ ይችላል። የሚደረግበትም ወቅት ይታሰብበት። ሰሊጥ በሚታጨድበትና በሚገዛበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ወይም ሒሳብ በሚዘጋበት በሐምሌ ወር ይህን ማድረግ ሠራተኛን ማስጨነቅ ነው። ነሐሴ ይሻላል፤ ገበያው ቀዝቃዛ ነው፤ ዝናብና መብረቅ መብራቱን ስለሚያጠፉም ሙከራው ሳይጠሩት ራሱ የሚመጣበት ጊዜ አለ። በሙከራው ቀን ኮምፒውተሩን የሚነካው ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው መሆን የለበትም፤ እርሱ ዳር ቆሞ ይመልከት፤ ሌላው ከወረቀት እያነበበ ያስነሣ። ያልተጻፈው ነገር ሁሉ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው።

ወረቀቱም በእርግጥ ወረቀት መሆን አለበት። ፕላኑን እዚያው ሰርቨር ላይ ያኖሩ፣ የክላውዱንም የይለፍ ቃል እዚያው የደበቁ ንግድ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ ማዳኛውም አብሮት ይወድቃል። የታተመ ፕላን በሁለት ቅጂ፣ አንዱ በባለቤቱ ቤት፣ አንዱ በሒሳብ ሹሙ ዘንድ በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል፤ በላዩም ገመዱን የሚነቅለው ሰው፣ ለክላውድ አከራዩ የሚደውለው ሰውና የሁለቱ ምትኮች ስምና ስልክ ይሰፍራል፤ ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር ፖስታው ተከፍቶ ስሙ ይታረማል፤ የይለፍ ቃሉም በዚያው ቀን ይለወጣል።